ቅርጫት ያለበት በር

ሠረገላው ከኋላዋ ሲመጣ አጣቢዋ ድልድዩ መካከል ላይ ነበረች። ቅርጫቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ ከድንጋዩ መከለያ ጋር ተጣበቀች። አራት ፈረሶች፣ በጥቁር ቆዳ የተለበጠ ሣጥን፣ በበሩ ላይ የጳጳሱ ማኅተም፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ አለፉና ጭቃው ወደ ላይ ተረጨ። ቀሚሷ ላይ ያረፈውን ዞር ብላም አላየችው። ቅርጫቱን ያለበሰችበትን ጆንያ ገለጥ አድርጋ ከሥር ያሉትን ነጫጭ ጨርቆች መረመረች። አልነካቸውም።

«እንኳን ቀሚሴ ሆነ» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ጨርቆቹ ሃያ አራት ናቸው። በየቅዳሜው ታጥባቸዋለች፤ በቀጭን የዱቄት ውሃ ነክራ በከሰል ካውያ ትተኩሳቸዋለች። የማን እንደሆኑ እንዲታወቅ በእያንዳንዳቸው ጥግ ላይ በቀይ ክር አንዲት መስቀለኛ ስፌት አለች። እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ግራ በኩል፣ በሴቶቹ በር ትቆማለች። መሸፈኛዋን የረሳች፣ ነፋስ የወሰደባት፣ ወይም ጭራሽ የሌላት ሴት ስትመጣ ከቅርጫቱ አንዱን ትሰጣታለች፤ ስትወጣ ትቀበላታለች። ይህን ስታደርግ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሰው ሁሉ «ባለቅርጫቷ» ነው የሚላት።

በዚያን ቀን ግን በቀጥታ ወደ በሯ አልሄደችም። ከድልድዩ ወርዳ ወደ ማቅለጫው ግቢ ታጠፈች።

የነሐስ አቅላጩ ግቢ እሑድ እሑድ ሌላ ቦታ ይመስላል። ምድጃው ቀዝቅዟል። የአሸዋው ክምር በጆንያ ተሸፍኗል። ደወሉ የተቀለጠበት ጉድጓድ አፉ ላይ ሳንቃ ተረብርቦበታል። የአቅላጩ ሚስት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር፤ ረጅም፣ ክንደ ብርቱ፣ ስትናገር ድምጿን መቀነስ የማይሆንላት ሴት።

«ቶሎ ግቢ እቴ። ሠረገላውን አየሽው?»

«አለበሰኝ እንጂ» አለች አጣቢዋ ቀሚሷን እያሳየቻት።

«ዛሬ ለሁላችንም ይድረሰን።»

አቅላጩ ለአጣቢዋ ዋርሳዋ ነው፤ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም። በየሳምንቱ ከራሱ ላይ የሚፈታውን መጠቅለያ የምታጥበውም እሷ ነበረች። ለዚህ ያበቃው ያ ደወል ነው። የቤተ ክርስቲያኑ አሮጌ ደወል ተሰንጥቆ አዲስ እንዲሠራ የታዘዘ ጊዜ አቅላጩ ቸኮለ። የሸክላው ቅርጽ በውስጡ ገና እርጥበት እንደያዘ የቀለጠውን ነሐስ ለቀቀበት። ነሐሱ ውሃ ሲያገኝ ፈነዳ። ሌሎቹ ራቅ ብለው ቆመው ስለነበር ተረፉ። እሱ ጎንበስ ብሎ ይመለከት ነበርና ራሱ ላይ ወረደበት። ፀጉሩ፣ የቀኝ ጆሮው፣ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ያለው ቆዳ ሄደ። ይህ የሆነ ከዓመት ተኩል በፊት ነው።

ሁለተኛው ደወል የተሠራው እሱ አልጋ ላይ ሆኖ ነው። ሚስቱ በአልጋውና በጉድጓዱ መካከል እየተመላለሰች የሚላትን ለሠራተኞቹ ታደርስ ነበር። በኋላ በኋላ እሱን ሳትጠይቅ መናገር ጀመረች። የቅርጹን ግድግዳ በጥፍሯ ቆርቆር አድርጋ «ገና ነው፣ ውሃ አለው» ብላ ስምንት ወንዶችን ሦስት ቀን ያስጠበቀችው እሷ ናት። ደወሉ ያለ አንዲት ስንጥር ወጣ። ያው ደወል አሁን በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ በመካከለኛው መተላለፊያ፣ ከወፍራም የእንጨት መቆሚያ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከተሠራ ጀምሮ የጳጳሱን ቡራኬ ይጠብቃል።

«ደብዳቤውን አይተሻል?» አለች ሚስትየዋ። በሰም የታተመውን ወረቀት ከጉያዋ አወጣች። «የደወሉ ሠሪ ይጠራል፣ ቀርቦ በእጁ አንድ ጊዜ ይመታል፣ ከዚያ በኋላ ይባረካል ይላል። ሠሪው ባይገኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይመታል። ማን ይመስልሻል?»

«እህል ነጋዴው።»

«ማን ይሆናል ሌላ። ዕድሜ ልኩን ከባድ ነገር መትቶ የማያውቅ ሰው።»

ከጓዳው በኩል የአቅላጩ ድምፅ መጣ። «ተይው ይምታው። መዶሻው ከእንጨት ነው፣ እጁን አያቆስለውም።»

እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። በመጠቅለያው ላይ የሱፍ ቆብ ደፍቷል። የእሑድ ልብሱን ግን ለብሶ ነበር፤ አጣቢዋ ይህን ልብ አለች። በየእሑዱ ይለብሰዋል። ለብሶም ይወጣል። የሚሄደው ግን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ውጫዊ ግድግዳ ድረስ ነው፤ በሴቶቹ በኩል ያለው መስኮት ክፍት ስለሚተው ከዚያ ሥር ቆሞ ያስቀድሳል። ለመጨረሻ ጊዜ ካልጋው ከተነሳ አሥራ አራት ወር ሆኖታል። አሥራ አራት ወር ሙሉ አጣቢዋ ከውስጥ ሆና ትከሻውን በመስኮቱ ስታየው ኖራለች።

ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ገብቶ ነበር። ከአደጋው ገና በተነሳ በመጀመሪያው እሑድ በወንዶቹ በር ገባና እንደ ሥርዓቱ ቆቡን አወለቀ፤ መጠቅለያውንም ፈታ። አንዲት ትንሽ ልጅ ጮኸች። ቄሱ ንባባቸውን አቋረጡ። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ቆሞ ነው የወጣው። በማግስቱ ቁስሉ አመረቀዘና ስድስት ሳምንት በትኩሳት ተኛ። ሐኪሙ ሚስቱን ለብቻዋ ጠርቶ «ሁለተኛ ለአቧራ ከገለጠው ቀባሪ ፈልጊ» አላት። ሽማግሌዎቹ አዘኑለት። ይሁን እንጂ መዝገባቸው ላይ የተጻፈው ግልጽ ነበር፤ «ወንድ በጸሎት ቤት ራሱን ይግለጥ፣ ሴት ራሷን ትሸፍን፣ ምክንያት አይሰማ።»

«የጳጳሱን እንደራሴ አነጋግራቸዋለሁ» አለች ሚስትየዋ ወደ አጣቢዋ ዞራ። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሴት መናገር ክልክል ነው፤ የቄሱ ሳሎን ግን ቤተ ክርስቲያን አይደለም። አብረሽኝ ነይ። ብቻዬን ከሆንኩ እጮሃለሁ።»

«ሁለት ስንሆንስ?»

«እግሬን ትረግጪኛለሽ።»

እንደራሴው በቄሱ ቤት ትኩስ ወተት እየጠጡ ነበር። ጳጳሱ ራሳቸው መምጣት በማይችሉበት ቦታ ሁሉ የሚልኳቸው ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ የመንገድ ድካም ዓይናቸው ላይ የሚታይ፣ የኪስ ሰዓታቸውን ጠረጴዛው ላይ ከፍተው ያስቀመጡ። ሁለቱ ሴቶች በሩ አጠገብ ቆሙ። ቄሱ፣ አዛውንትና ፈሪ ሰው፣ ወንበር ይስጧቸው አይስጧቸው ግራ ገብቷቸው አንዱን ወንበር ወዲህ ወዲያ አደረጉት፤ በመጨረሻ ራሳቸው ተቀመጡበት።

ሚስትየዋ ነገሩን በአጭሩ ተናገረች። አልጮኸችም።

እንደራሴው ሰምተው ሲጨርሱ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «ትምህርቱ ከሐዋርያው ዘመን ጀምሮ የወረስነው ነው። ወንድ ሲጸልይ ራሱን ይገልጣል፣ ሴት ትሸፍናለች። አንዱ ያለ ሌላው እንዳልተፈጠረ፣ ሁሉም ከእግዚአብሔር እንደሆነ ማሳሰቢያ ነው። እኔ ልለውጠው አልችልም። ብችልም አልለውጠውም።»

«እኔም ይለወጥ አላልኩም አባታችን። ሃያ ስምንት ዓመት ተሸፍኜ ቆሜአለሁ፣ ከብዶኝ አያውቅም። ባሌ ቁስለኛ ነው ነው ያልኩት።»

እንደራሴው ወደ ቄሱ ዞሩ። «መዝገቡ እዚህ አለ?»

መዝገቡ መጣ። እንደራሴው ገጹን ፈልገው አገኙና ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «መጀመሪያው ደህና ነው። ይህ ‹ምክንያት አይሰማ› የሚለው ግን ከሐዋርያው አይደለም። ከየት መጣ?»

ቄሱ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ከጉባኤው ነው ክቡርነትዎ።»

«ከጉባኤው ከማን?»

«ያን ጊዜ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ... አቅላጩ ነበር።»

እንደራሴው ሚስትየዋን አዩ። «ባልሽ?»

«ባሌ» አለች።

አጣቢዋ እግሯን መርገጥ አላስፈለጋትም። ሚስትየዋ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ቆማ ነበር።

«እንግዲህ» አሉ እንደራሴው፣ ሰዓታቸውን ተመልክተው፣ «ያጻፈው ሰው ይቅርልኝ ብሎ ሁለት መስመር ይጻፍ። ከጸሎት በፊት ከደረሰኝ እፈርምበታለሁ፤ ጉባኤው በኋላ ይቀበለዋል። ቆቡን እንደደፋ ይግባ። ከዚህ የበለጠ ማድረግ አልችልም፤ ከዚህ ያነሰም ማድረግ አልፈልግም።»

ሚስትየዋ ከቄሱ ቤት እስከ ማቅለጫው ድረስ በሩጫ ነው የሄደችው ማለት ይቻላል። አጣቢዋ ቅርጫቷን ይዛ ከኋላ ተከተለች። ስትደርስ ሚስትየዋ ወረቀት፣ ብዕርና ቀለም አቅላጩ ፊት፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀምጣ ነበር።

«አልጽፍም» አለ።

«ሁለት መስመር ነው።»

«አንድም ቢሆን።»

«ክብርህ ነው?» አለች ሚስቱ። «ክብርህ ከሆነ ንገረኝ፣ ለክብርህ ሌላ ወንበር ላምጣለት።»

አቅላጩ ከግድግዳው ዞሮ አያት። የቀኝ ፊቱ ቆዳ ስለተሳበ የተቆጣ ሰው ይመስላል፤ ድምፁ ግን የተቆጣ አልነበረም።

«ዘጠኝ ዓመት በዚያ በር ቆሜ ነበር። ቅርጫት የሚባል ነገር ሳይኖር። የመለስኳቸው አሥራ አንድ ሴቶች ናቸው። አንዷ የታመመ ልጇን በመሸፈኛዋ ጠቅልላ የመጣች ነበረች። ከልጁ ላይ ገፍፈሽ ልበሽው ወይም ተመለሽ አልኳት፤ ተመለሰች። ሌላዋ ከወንዝ ማዶ በዝናብ የመጣች አሮጊት ናት። ሁሉም ምክንያት ነበራቸው። ምክንያት መስማት ሲሰለቸኝ ነው ያን መስመር ያጻፍኩት። አሁን እሳቱ እኔ ላይ ሲወርድ፣ ምክንያት ይሰማ ብዬ ልጻፍ? ነገ በመንገድ ሳገኛቸው ምን እላቸዋለሁ?»

ከውጭ በኩል፣ ደወል ስለሌለ ቄሱ ቤት አጠገብ የተሰቀለው የብረት ዘንግ ሲመታ ተሰማ። የመጀመሪያው ጥሪ ነው። ለጸሎቱ ግማሽ ሰዓት ቀርቷል።

«እኔ ከአሥራ አንዱ ስንተኛዋ ነኝ ጋሼ?» አለች አጣቢዋ።

አቅላጩ ሳያስብ መለሰ። «የመጨረሻዋ።»

ረስቶት እንደሆን ብላ ስታስብ ኖራ ነበር። በተስቦው ዓመት ነው። ከበሽተኞች ማቆያው የተለቀቀችው እሑድ ጠዋት ነበር። እዚያ ገና ስትገባ ራሷን ላጭተዋት፣ ልብሷን ከነመሸፈኛዋ አቃጥለውታል። የሌላ ሰው ቀሚስ አለበሷትና ሂጂ አሏት። ቤቷ ከመድረሷ በፊት ስለ መትረፏ ልታመሰግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በሩ ላይ ዋርሳዋ ቆሞ ነበር። የተላጨ ራሷን አየና «ሸፍነሽ ነይ» አላት። ባሏ ውስጥ ነበር፤ ሰምቷል፤ ወንድሙን ፈርቶ አልወጣም። ቤቷ ስትደርስ መሸፈኛ የሚሆን ጨርቅ አልነበራትም። በሳምንቱ የአልጋዋን አንሶላ ስምንት ቦታ ቆርጣ፣ ጠርዝ ጠርዙን ሰፍታ፣ በቅርጫት ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ወዲህ ከዚያ በር የተመለሰች ሴት የለችም።

«ወረቀቱን ይተዉት» አለች። «በኔ በር ይግቡ።»

«በሴቶች በር?»

«ቅርጫቱን ይዤ የመጣሁ ቀን ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? ‹ከዚህ በር የሚገባ ሁሉ ተሸፍኖ ይግባ፣ ኃላፊነቱ ያንቺ ነው› አሉኝ። ኃላፊነቱ አሁንም የኔ ነው።»

«ለሴቶቹ ነዋ ያልኩት።»

«ሁሉ ነው ያሉት ጋሼ። ግን አንድ ነገር አለ። በሴቶች በር የገባ በሴቶች በኩል ይቀመጣል። እንደ ሴቶቹም ዝም ይላል፤ ቢጠሩትም ድምፁን አያሰማም። ግማሹን ወስዶ ግማሹን መተው የለም።»

ሚስቱ ተንቀሳቅሳ መጥታ ባልዲው ላይ ካለው ወረቀት አጠገብ ቆመች።

«ወንዶቹ ይስቁብኛል» አለ አቅላጩ።

«ይስቁ» አለች። «አንተስ ስትስቅ አልነበር?»

«ከአርባ ሴት ጋር ተቀምጬ?»

«ከአንዷ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት ተቀምጠሃል፣ አልሞትክም።»

አቅላጩ በአፉ ግራ ጎን ፈገግ አለ፤ ቀኙ አይታዘዝለትም። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ሁለተኛው ጥሪ ሲሰማ አጣቢዋ በሯ ላይ ነበረች። ሴቶቹ አንድ በአንድ አለፉ። የእህል ነጋዴው ልጅ እንደ ልማዷ መሸፈኛዋን ረስታ መጣች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ?»

«እሜቴ፣ እናቴ ስታጣድፈኝ ነው።»

«እናትሽ በየሳምንቱ ነው እንዴ የምታጣድፍሽ?» አለችና ከላይ ያለውን ሰጠቻት። ልጅቷ እየሳቀች አስራ ገባች።

አቅላጩ ሴቶቹ ሁሉ እስኪያልፉ ግድግዳው ሥር፣ የሁልጊዜ ቦታው ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ መጣ። ሚስቱ ቀድማ ገብታ ነበር። በሩ ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«በዚህ ቆብ አይሆንም» አለች አጣቢዋ። «የሚያልፈው በነጭ ነው።»

ቆቡን አወለቀ። አጣቢዋ ከቅርጫቱ ጨርቅ አወጣችና ዘረጋችው። እሱ ረጅም ነው፤ እሷ አጭር።

«ዝቅ ይበሉ ጋሼ። አልደርስም።»

ዝቅ አላለም። ልቡ እንቢ ያለው መስሏት እጇን ልትመልስ ነበር። ከዚያ በአንድ ጉልበቱ ደረጃው ላይ ተንበረከከ። በመጠቅለያው ላይ ጨርቁን አልብሳ፣ ቁስሉን እንዳትነካ በጣቷ ጫፍ እየዳበሰች፣ ከአገጩ በታች ቋጠረችው። የቅባቱ ሽታ መጣ፤ በየሳምንቱ ስታጥበው የምታውቀው ሽታ ነው። በየትኛው በኩል እንደሚያመው ከመጠቅለያው እድፍ ታውቅ ነበር።

«ይሄን ነገር መቼ ነው ያሰብሽው?» አላት ራሱን ሳያነሳ።

«የቱን?»

«በዚህ በር መግባቱን።»

አጣቢዋ ቋጠሮውን አስተካከለች። መዋሸት ትችል ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ብትል ያምናት ነበር።

«ከትኩሳቱ በተነሱ በሁለተኛው እሑድ። ከመስኮቱ ሥር ቆመው ሳይዎት።»

«አሥራ አራት ወር ይሆናል።»

«አሥራ አራት ወር ነው።»

«ዝናብም ነበር።»

«ዝናብም ነበር ጋሼ።»

አቅላጩ ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። «እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን» አለ፣ «አንድ ዓመት እጨምርበት ነበር።» ከዚያ ገባ።

እሷም ቅርጫቷን ይዛ ተከተለችው። በሴቶቹ በኩል በመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ጥግ፣ ከመስኮቱ በታች ተቀመጠ። አጠገቡ ያለችው ሴት ዞር ብላ አየችው፤ ቀሚሷን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችለት። ከወንዶቹ በኩል ማንም ገና አላየውም። እዚያ የነበረው ሁሉ ራሱን ገልጦ ወደ ደወሉ ነበር የሚመለከተው። ደወሉ ከመስኮቶቹ የሚገባውን ብርሃን ይዞ በመካከል ተንጠልጥሏል።

እንደራሴው ከንባቡ በኋላ ወረቀታቸውን ዘረጉ። ሁለት መስመር እንዳልደረሳቸው አጣቢዋ ታውቃለች። ዓይናቸው በወንዶቹ በኩል አለፈ፤ ቆብ የደፋ ሰው አጡ።

«የደወሉ ሠሪ ይቅረብ።»

አንድ ሰው ሳለ።

«የደወሉ ሠሪ ይቅረብ» አሉ ሁለተኛ። እህል ነጋዴው ከፊት ወንበር መነሳት ጀምሮ ነበር፤ ኮቱንም አስተካክሏል።

በሴቶቹ በኩል፣ በመጨረሻው ወንበር፣ አንድ ነጭ መሸፈኛ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ከፍ አለ። አቅላጩ ተነስቶ ቆመ። አፉን አልከፈተም። ሚስቱ ከሁለት ወንበር ፊት ሆና ሳትዞር ጣቶቿን ቆለፈች።

ወንዶቹ መዞር ጀመሩ። ከወደ ኋላ አንድ ሳቅ መጣ፤ ወዲያው ታፈነ። እህል ነጋዴው ግማሽ ተነስቶ ግማሽ ተቀምጦ ቀረ።

«ክቡርነትዎ» አለ፣ «ወንድ ልጅ ራሱን ተሸፍኖ... በሴቶች መሐል... ይሄ በየትኛው ሥርዓት ነው?»

እንደራሴው በመካከለኛው መተላለፊያ ዓይናቸውን እያሻገሩ የቆመውን ሰው፣ የተሳበውን ቀኝ ፊቱን፣ ከአገጩ ሥር የታሰረውን ቋጠሮ አዩ። «በየትኛው በር ገባ?» ብለው ጠየቁ።

«በሴቶቹ ይሆናላ» አለ እህል ነጋዴው።

«የበሩ ኃላፊ ማን ነው?»

በዚያ ቤት ውስጥ ሴት አትናገርም፤ አጣቢዋም ተናግራ አታውቅም፤ ለመናገርም አልተነሳችም። ቆመችና ቅርጫቱን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ከፍ አደረገችው።

እዚያ የነበረው ሁሉ ቅርጫቱን ያውቀዋል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሚስቱ፣ እህቱ ወይም እናቱ አንድ ቀን ከዚያ ጨርቅ ያላሰረች ወንድ በቤቱ ውስጥ አልነበረም ለማለት ይቻላል። እህል ነጋዴው ዓይኑን ወደ ልጁ ሲመልስ ከመሸፈኛዋ ጥግ ቀዩዋን ስፌት አየ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እሱም ቁጭ አለ።

እንደራሴው መዶሻውን ከቄሱ እጅ ተቀበሉ። ሠሪው ወደ ደወሉ እንዲመጣ አልጠሩትም። ራሳቸው ወደ ሴቶቹ በኩል፣ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄዱ። መዶሻውን በሁለት እጃቸው ሰጡት። ምን እንዳሉት የሰማችው አጠገቡ የነበረችው ሴት ብቻ ናት። ከዓመታት በኋላ ስትጠየቅ «ቀስ ብለህ ምታ፣ ራሴን ያመኛል አሉት» ብላለች፤ ያመናት የለም።

አቅላጩ በሴቶቹ መካከል አልፎ ወደ ደወሉ ሄደ። ሚስቱ አጠገብ ሲደርስ ለአፍታ ቆመ፣ መዶሻውን ወደ እሷ ዘንበል አደረገ። ሚስቱ ራሷን ነቀነቀች፤ ይልቁንስ ተነስታ እስከ ደወሉ አብራው ሄደችና ከንፈሩን በጥፍሯ ቆርቆር አደረገችው፣ ያኔ በጉድጓዱ አፍ ላይ ቅርጹን እንዳደረገችው። ሰምታ ሲበቃት እጇን መለሰች።

አንድ ጊዜ መታው።

ድምፁ ረጅም ነበር። ወንዶቹ ሳያስቡት ተነሱ። አቅላጩ መዶሻውን ለእንደራሴው መልሶ፣ ዞሮ፣ የመጣበትን መንገድ ይዞ ወደ ጥጉ ተመለሰና ተቀመጠ። ቡራኬው ሲነበብ ድምፁ ገና በወንበሮቹ እንጨት ውስጥ ይሰማ ነበር።

በሳምንቱ ውስጥ አቅላጩ ለጉባኤው ሁለት መስመር ጻፈ። ስለ ራሱ አልጻፈም፤ የአሥር ሴቶች ስም ዘርዝሮ ይቅርታቸውን እንደሚጠይቅ ነበር የጻፈው። በአሥራ አንደኛው ቦታ ላይ ምንም አልነበረም። ጉባኤው ወረቀቱን ተቀብሎ አስቀመጠው። መዝገቡ ላይ ያለው መስመር ግን ለሌላ አራት ዓመት ሳይነካ ቆየ፤ እንዲህ ያሉ ነገሮች በዚያ ዘመን ቶሎ አይሠረዙም ነበር።

አጣቢዋ ቅዳሜ ስታጥብ የሱን ጨርቅ ከሌሎቹ ለየችው። የቅባቱ እድፍ በመካከሉ ቢጫ ሆኖ ተቀምጧል። በሳሙና አሸችው፤ በአመድ ውሃ ዘፈዘፈችው፤ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ፈዘዘ እንጂ አልለቀቀም። ተኩሳ ስታጥፈው ብቻውን ልታስቀምጠው አሰበች። ከዚያ ከሌሎቹ መካከል አስገባችው።

እሑድ ጠዋት የእህል ነጋዴው ልጅ ረስታ መጣች። አጣቢዋ ከቅርጫቱ ሳታይ አንዱን አወጣችላት። ልጅቷ ዘረጋችውና ቆም አለች።

«እሜቴ፣ ይሄ እድፍ አለበት።»

«ታጥቧል።»

ልጅቷ ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ትንሽ አሰበች። አሰረችውና ገባች።

ሴቶቹ ሁሉ ካለፉ በኋላ አቅላጩ ከግድግዳው ጥግ ብቅ አለ። ደረጃው ሥር ሲደርስ ቆቡን አወለቀ። አጣቢዋ ገና ጨርቁን እያወጣች ሳለ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ዝቅ አለላት።